የፈተና ጾም

የእኛ አገር ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እጁ ይጨብጣል፣ ዓይኑ ይመዝናል። ልብ ብላችሁ ከሆነ «እንዴት ነህ» የምትለዋ ቃል ከአፉ ሳትወጣ ዓይኑ ከጉንጫችሁ ተነስቶ፣ በአንገታችሁ ወርዶ፣ ቀበቷችሁ ላይ ጥቂት አረፍ ብሎ፣ ፍርዱን ይዞ ተመልሷል። «ተመችቶሃል!» ከተባላችሁ አልፋችኋል። «ምነው እንዲህ ከሳህ?» ከተባላችሁ ግን አለቀላችሁ። አንድም ታማችኋል፣ አንድም ከሥራ ወጥታችኋል፣ አንድም በትዳራችሁ ውስጥ ለሰው የማይነገር ነገር አለ። እናንተ ጫማ ጠቧችሁ ብቻ ፊታችሁ ተጨማድዶ ሊሆን ይችላል፤ ማን ሊሰማችሁ! ከአገራችን ወጥተን እዚህ ሀርጌሳ ስንመጣ ብዙ ነገራችንን ድንበር ላይ ትተናል። ይህችን የዓይን ሚዛን ግን ማንም ፈታሽ አላገኘብንም፤ ይዘናት ገብተናል።

ሀርጌሳ ደግሞ ከእኛ የባሰ ጠበቀን። እዚህ ከተማ ሰው ሁለት ጊዜ ስም ይወጣለታል፤ አንዴ በቤተሰቡ፣ አንዴ በሰፈሩ። ሰፈሩ የሚያወጣው ስም ከሩቅ የሚታየውን ነገር ይዞ ነው። ረዥሙ «ረዥሙ» ነው፤ አንካሳው «አንካሳው» ነው፤ ጆሮው ገፋ ያለው ሰውዬ እስኪሞት «ጆሮ» ነው። ክፋት የለበትም። ባለቤቱም በዚያው ስም ሲጠሩት «አቤት» ይላል። እኔ ከበርበራ ወደብ እስከ ውጫሌ ድንበር ባለው መንገድ ተሳቢ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ መንገዱ ሁሉ የሚያውቀኝ «ቡራን» ተብዬ ነው። ወፍራሙ ማለት ነው። ምን ላድርግ፣ በመሪውና በወንበሩ መካከል ያለውን ቦታ ሆዴ ከተረከበው ቆይቷል። አልተቀየምኩም። እንዲያውም ወረቀቴ ላይ ያለው ስሜ ሲነበብ ፈታሹ ቀና ብሎ አያይም፤ «ቡራን ነው» ከተባለ ግን ኬላው ቶሎ ይከፈትልኛል።

እኔ ግን ጠጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ከሆዴ ጋር ተጣልተን፣ ታርቀን፣ አሁን እንደ ጥንት ባልና ሚስት ነው የምንኖረው። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ተማሪስ? በዚያ ዕድሜ ሰውነት ባለቤቱን ሳያማክር ነው የሚያድገው፤ ማታ ልጅ ሆኖ የተኛው ጠዋት የእናቱ ጫማ ልኩ ሆኖ ይነሳል። ያ ሰውነት ገና ለባለቤቱ እንኳ እንግዳ ነው። እንግዳውን ደግሞ ሁሉም ይተቸዋል። አክስት ትተቻለች፣ ጎረቤት ይተቻል፣ ባለሱቁ የሚመልሰውን ሳንቲም እየፈለገ ይተቻል። በቅርቡ ደግሞ መምህሩ ተጨመረ፣ ያውም ሳይንስ ጨብጦ።

ነገሩ የሆነው ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር፣ እኔ በተከራየሁበት ግቢ ነው። የግቢው ባለቤት ሆዳን ትባላለች። ሁላችንም «ኢዶ» እንላታለን፤ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። ልጅነቷን ያሳለፈችው ጅግጅጋ ስለሆነ አማርኛዋ ከአንዳንዶቻችን ይሻላል፤ ድምጿ ደግሞ ከሁላችንም ይበልጣል። ሙባረክ የሚባል ልጅ አላት፣ ቀጭን፣ ነፋስ በበረታ ቀን ለሰው የሚያሰጋ። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባሉት ክፍሎች የሥራ ባልደረባዬ ተሾመ፣ ሚስቱ ወይንሸትና ልጃቸው ረድኤት ይኖራሉ። ረድኤት እዚሁ የተወለደች ናት። ከቤት በአማርኛ፣ ከግቢ በሶማሊኛ፣ ከትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ትከራከራለች፤ በሦስቱም ታሸንፋለች። እሷና ሙባረክ በአንድ ክፍል የስምንተኛ ተማሪዎች ናቸው። እሷ ከላይ ከመጀመሪያዎቹ፣ እሱ ከታች ከመጀመሪያዎቹ።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ረድኤት አደገች። ወደ ላይም ወደ ጎንም፣ በአንዴ። እናቷ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች፤ ልጅቷን እያገላበጠች «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች። ትምህርት ተከፈተ። የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ሲመጣ ግን ረድኤት ከታች፣ ከሙባረክ ሠፈር ወርዳ ተገኘች። ሙባረክ እንኳ ደነገጠ፤ ጎረቤት ይመጣብኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። ወዲያው ትምህርት ቤቱ ወላጅ ጠራ። ተሾመ በርበራ ላይ መርከብ ዘግይቶበት ጭነት ይጠብቃል፣ የእኔ መኪና ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ጋራዥ ገብቷል። ወይንሸት ሶማሊኛዋ ከገበያ አያልፍም። «ጋሼ፣ እንደ አባት ሆነህ አብረኸኝ ግባ» አለችኝ፤ ገባሁ።

መምህር ዓብዲ ገና ወጣት ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ትሁት። እኔን «አዴር» እያለ፣ አጎቴ ማለቱ ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ረድኤትን እንደሚወዳት ከፊቱ ይታወቃል። ችግሩ ማንበቡ ነው። ስልኩን አውጥቶ፣ ወጣቶች ክብደት ሲጨምሩ አእምሮአቸው ላይ ጫና እንደሚፈጠር፣ ትኩረት እንደሚቀንስ፣ ነገሩ በጥናት የታወቀ እንደሆነ አስረዳን። «ኮንሰንትሬሽን» የምትለዋን ቃል ደጋግሞ አነሳት። ራሱም በክፍሉ ውስጥ አስተውያለሁ አለ። ሞላ ሞላ ያሉት ልጆች በሙሉ ዘንድሮ ወደ ኋላ ቀርተዋል፣ አንድም ያመለጠ የለም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋናውን ተናገረ። በሚቀጥለው ፈተና ካላገገመች ስምንተኛን ትደግማለች፤ ጓደኞቿ ለማጠቃለያው ፈተና ሲቀመጡ እሷ አትቀመጥም። ለወይንሸት ተረጎምኩላት። ከዚያ ቢሮ ስንወጣ ያቺ ሲያገላብጧት ተመስገን ስትባል የነበረች ልጅ፣ ተመስገንነቷ እንደቀረ ከእናቷ አረማመድ ገባኝ።

እንግዲህ ወይንሸት የሠራችውን ስሙ። ልጄን ቀንሺ፣ ምግብ ተዪ ማለት አልሆነላትም፤ እናት ናትና አፏ እምቢ አላት። ስለዚህ ጾም አወጀች። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ እዚህ ደወል የሚደውልልን የለም። ጾም መግባቱንም መውጣቱንም የምንሰማው ከአገር ቤት በስልክ ነው፤ ስልክ ያነሳው ሰው ለግቢው ያውጃል። ወይንሸት በዚህ ገባችበት። የገና በዓል ካለፈ በኋላ፣ ሁዳዴ ደግሞ ሳይደርስ፣ ከዕለታት አንድ ቀን ጎመንና ቂጣ አቅርባ «ጾም ነው» አለች። ረድኤት ውጤቷ ቢወድቅም ቀን መቁጠር አልጠፋባትም።

«እማዬ፣ የምን ጾም ነው?»

«የፈተና ጾም ነው» አለች እናቲቱ፣ ዓይኗን ጎመኑ ላይ ተክላ።

ሃይማኖት የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይከራከራት ነበር። እኔ እንደሆንኩ በቀኖና ጉዳይ አልገባም፣ በተለይ ያልበላሁትን ጎመን በተመለከተ።

ኢዶ ሆዳን ወሬው ሲደርሳት ሳቀች። እሷ ለራሷ በተቃራኒው ሐኪምነት ላይ ነበረች። ሙባረክ የማይገባው ቅባት ስለጎደለው ነው፣ አንጎል በቅቤ ነው የሚዞረው፣ ወላሂ ባለሥልጣኖቹን ተመልከቱ እያለች፣ ጠዋት የግመል ወተት በጠርሙስ፣ በምሳ ዕቃው ደግሞ በቅቤ የራሰ ፓስታ ታሸክመዋለች። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ፈተና ምክንያት፣ አንዷ ልጇን ታጎድላለች፣ ሌላዋ ልጇን ትሞላለች። ሁለቱም ጥናት አለን ይላሉ። እኔ መሐል ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። በሥራዬ ባዶ ተሳቢም፣ ከልክ ያለፈ ጭነትም መንገድ እንደማይይዝ አውቃለሁና ሁለቱንም ልመክር ከጅሎኝ ነበር፤ የሆዴን ስፋት አስቤ ተውኩት። በዚህ ርዕስ የሚሰማኝ የለም።

ልጆቹ ግን ነገሩን በራሳቸው ፈቱት። በዕረፍት ሰዓት ምሳ ዕቃ ተለዋወጡ። ሙባረክ ቅቤ ሲሸተው ያቅለሸልሸዋል፤ የወይንሸትን ጎመን እንደ ዳኛ ቁጭ ብሎ ይበላል። ረድኤት ፓስታውን ተረከበች። የግመል ወተቱን ብቻ አልነካችውም፣ የግመል ነገር ለክርስቲያን አይሆንምና እሱን የእናቷ ልጅ ሆና ተወችው። የቅቤውን ነገር ግን ጾሙ በቀን መቁጠሪያ ካልተጻፈ መፍረሱም አይጻፍም ብላ አለፈችው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ እናቶቹ በየፊናቸው ልጆቻቸውን በዓይን ይለካሉ፤ የጾመችው አትከሳም፣ የተቀለበው አይወፍርም። አንዷ ጎመኑን ቀነሰች፣ ሌላዋ ቅቤውን ጨመረች።

እስካሁን እንደ ቀልድ አወራሁላችሁ። ልጅቷ ላይ የደረሰው ግን ቀልድ አልነበረም። ረድኤት መከራከር አቆመች። ድሮ እኔ ስለ መንገድ ሳወራ «ጋሼ፣ ባለፈው ሌላ ነበር ያልከው» እያለች ወሬዬን የምታበላሽብኝ ልጅ፣ አሁን ዝም ብላ ትሰማለች፣ ያልኩትን ሁሉ ትቀበላለች። ውሸቴን እንኳ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ መጥታ ጎኔ ተቀመጠችና፣

«ጋሼ፣ ሰው ሲወፍር የሚደነዝዘው ቀስ በቀስ ነው ወይስ በአንዴ?» አለችኝ።

«ማን ነው የሚደነዝዘው! እኔን አታዪም? ይህን ሁሉ ተሸክሜ ደንዝዣለሁ?»

ለረዥም ጊዜ አየችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ፈገግ ልል ስል፣ ከልቧ እያዘነችልኝ፣

«ላንተማ አይታወቅህም ይሆናላ፣ ጋሼ» አለች።

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ልጅቷ ክፍል ትደግማለች ብለን ስንጨነቅ፣ እሷ ከዚያ የባሰውን አምናለች፤ ጭንቅላቴ ሄዷል ብላለች። ልጅቷ የሄደባትን ጭንቅላት በለቅሶ ሳይሆን በዝምታ ቀብራዋለች። አንጀቴን በላችው። መኪናዬ ተሠርቶ ጭነት እየጠበቀኝ ነበር፤ አባቷ ገና ከመንገድ አልተመለሰምና፣ የወላጆች ቀን እስኪያልፍ ከከተማው አልወጣም አልኩ።

በዚያ ትምህርት ቤት አንድ ልማድ አለ። በወላጆች ቀን እያንዳንዱ ወላጅ የሚቀመጠው በልጁ ወንበር ላይ ነው። የልጁን ዴስክ ያያል፣ ደብተሩን ይገልጣል፣ የማስቲካውን ቅሪት በጣቱ ያገኛል። ኢዶ ሆዳን በሙባረክ ወንበር ላይ፣ ከፊት ከሰሌዳው ሥር ተቀመጠች። እኔና ወይንሸት የረድኤትን ወንበር ስንፈልግ ወደ ኋላ፣ አሁንም ወደ ኋላ ተባልን፤ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከግድግዳው ጥግ ደረስን። ወይንሸት ከጎረቤት ወንበር ተጋራች። እኔ እንደምንም ተወጥሬ ገባሁ። ዙሪያዬን ስመለከት የረድፉ ወላጆች በሙሉ ሰፋ ሰፋ ያልን ሰዎች ነን። ከወንበር ጋር የምንታገል፣ እርስ በርስ እየተያየን የምንፈግግ ወገኖች።

መምህር ዓብዲ መናገር ጀመረ። ከግድግዳው በስተጀርባ ደግሞ ሌላ ሥራ ተጀመረ። ዘንድሮ የተከፈተ የብረት በርና መስኮት መሥሪያ ቤት ነው፤ ብረት መቁረጫው አንዴ ሲነሳ ጥርስ ያሳክካል፣ ያርፋል፣ እፎይ ስትሉ እንደገና ይነሳል። የመምህሩ አፍ ይንቀሳቀሳል። እጁም ይንቀሳቀሳል። እኔ አልፎ አልፎ አንዲት ቃል ትደርሰኛለች፣ «ቤት ሥራ»፣ «ኢንሻአላህ»፣ እንደገና ብረት። የፊተኞቹ ሲስቁ እኛም እንስቃለን። ድምፁ ቀጭን ነው ብዬ አዘንኩለት፣ ጉሮሮውን ታሞ ይሆናል አልኩ። ሙቀቱና የምሳዬ ብዛት ተጨምሮበት ዓይኔም ከደን ከደን ማለት ጀምሯል።

ድንገት ፊቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። መምህሩ ጠይቆኛል። ምን እንደጠየቀኝ የሚያውቀው እግዜር ነው። ፈገግ አልኩ። ደግሞ ጠየቀኝ። ሰው በዚህ አገር ከሩቅ አንድ ነገር ካላችሁ «እንዴት ነህ» ማለቱ ነው ብሎ መገመት አያስከፋምና፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አልሐምዱሊላህ!» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በኋላ ኢዶ ሆዳን እንደነገረችኝ የጠየቀኝ ልጅቷ ማታ ማታ የምታጠናው የት እንደሆነ ነው።

እሱ አልሳቀም። ዓይኑ ከፊቴ ተነስቶ ቀስ ብሎ ወደ ሆዴ ሲወርድ አየሁት። እዚያ ትንሽ ቆየ። ያነበበው ሁሉ በሕይወት ተነስቶ፣ ቀበቶ ታጥቆ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦለታል። ከዚያ ግን፣ ጨዋ ልጅ ነውና፣ ሽማግሌ ላይ ላለመጮህ ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ እኔ መጣ። መንገዱን አጋምሶ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ብረት መቁረጫው ተነሳ። መምህሩ ባለበት ቆመ። ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ። ከጎኔ ያለችውን እናት አንድ ነገር ጠየቃት፣ እሷም እንደ እኔ ፈገግ አለች። ባዶ ወንበር ስቦ መሐላችን ተቀመጠና ለኢዶ ሆዳን በእጁ ምልክት ሰጣት፣ ተናገሪ። ድምጿ እስከ አየር ማረፊያው የሚሰማው ኢዶ ሆዳን ተነስታ ተናገረች። እኛ አፏን አየን።

መምህር ዓብዲ እዚያው ተቀምጦ ቀረ። ዓይኑ በረድፉ ላይ ሄደ፤ ከወንበር ወንበር፣ ከሰፊ ሰው ወደ ሰፊ ሰው። ዘንድሮ ውጤታቸው የወደቀው፣ አንድም ያመለጠ የለም ያላቸው ልጆች በሙሉ የሚቀመጡት እዚህ ነው። ትንንሾቹ ሰሌዳው እንዲታያቸው ብሎ ትላልቆቹን በመጀመሪያው ቀን ወደ ኋላ የላካቸው ራሱ ነው። ክብደት ውጤት ይቀንሳል ያለው ልክ ነበር፤ የቀነሰው ግን በአንጎል በኩል ሳይሆን በወንበር በኩል ነው። ጥናቱ ምን ይል እንደሆነ አላውቅም፣ እውነቱንም ይሆናል፤ እኔ የማውቀው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ወጣቱ መምህር ግን አልተከራከረም፣ ሰበብም አልፈለገ። ጆሮዬ አጠገብ ጠጋ ብሎ፣ «አዴር፣ እዚህ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ» አለኝ። ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለውን ግን ጥቂት ነው ያየሁት፤ ወደድኩት።

አመሻሽ ላይ ወይንሸት ልጇን ይዛ ትጠይቃለች። «ለምን አልሰማሁም አላልሽም? አፍ የለሽም?» ረድኤት ግራ ገብቷት አየቻት።

«አልሰማሁም ብዬ አላሰብኩም እኮ እማዬ። አልገባኝም ብዬ ነው ያሰብኩት።»

ወይንሸት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ገባች። እኔም ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ ልል ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ፣ አለቀስኩ።

በማግስቱ ወንበር ተለወጠ። መምህሩ ረድፎቹን በየሳምንቱ እንዲዟዟሩ አደረገ፣ ከብረት ሠሪዎቹም ጋር ተነጋግሮ ከፍተኛውን ጩኸት ወደ ከሰዓት አስገፋ። የፈተናው ጾም በዚያው ቀን በታላቅ ፍስክ ተፈታ። ፈተናው መጣ፣ ረድኤት ወደ ቀድሞ ሠፈሯ ተመለሰች፤ ስምንተኛን መድገም የሚባል ነገር ቀረ። ምሳ ዕቃ የተለዋወጡት ነገርም በደስታው መሐል አፈተለከ። ታዲያ ኢዶ ሆዳን ዛሬም ድረስ «ማሻአላህ፣ የእኔ ቅቤ ነው ልጅቷን ያነሳት» ትላለች። ወይንሸት በበኩሏ ልጇ ጎመኑን ባትቀምስም ጾሙ በስሟ ተይዞላታል ባይ ናት። ሙባረክ በጎመንም በፓስታም፣ በፊትም በኋላም ተቀምጦ ደረጃው ንቅንቅ አላለም። እናቱ ገና አልወፈረም ብላ ተስፋ አልቆረጠችም።

ባለፈው ዓርብ ግቢው ውስጥ ተቀምጠናል። ረድኤት ለሙባረክ ሒሳብ ታስረዳለች፣ እየጮኸች፣ እጁን በእስክሪብቶ እየመታች። እናቷ የተጠበሰ ሳምቡሳ ያለበት ሳህን አጠገባቸው አስቀምጣለች። ልጅቷ ሒሳቡን ሳታቋርጥ አንዱን አነሳች፣ ጨረሰች፣ ሌላ አነሳች፣ ጨረሰች፣ እጇን አሁንም ዘረጋች። የወይንሸት ዓይን ከልጇ ጉንጭ ተነስቶ ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። አፏ ተከፈተ፣ አንዲት ቃል በጉሮሮዋ ወጣች።

ረድኤት ቀና አለች። «ምን አልሽ እማዬ? አልሰማሁም።»

ወይንሸት ዓይኗን አንስታ የልጇን ፊት አየች።

«ምንም አላልኩም፤ ብይ» አለችና ሳህኑን ወደ ልጇ ገፋ አደረገችው።